የጋራው ደረጃ የማን ሥራ ነው?

የኮንዶሚኒየም ደረጃ የማን ነው? የሕጉ መልስ አጭር ነው፤ የሁሉም። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሕንፃውን የጋራ ክፍሎች አስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል። ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይኖረዋል፣ ቦርድ ይመርጣል፣ መዋጮ ይሰበስባል። ዓመታት የዘለቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህን ሁሉ ማን፣ በየትኛው ሰዓት ይሥራው?

ነገሩ ከቤቱ አሰጣጥ ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው ፕሮግራም ቤት የሚደርሰው በዕጣ ነው። በአንድ ደረጃ ከሚወጡት ጎረቤታሞች አንዱ ከመርካቶ፣ ሌላው ከካዛንቺስ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከዕጣው በፊት አይተዋወቁም። ባለዕድሉ ቤቱን ለ5 ዓመት መሸጥ ባይፈቀድለትም ማከራየት ይችላል፤ የባንክ ዕዳውን በኪራይ የሚከፍለውም ጥቂት አይደለም። በዚህ የተነሣ ድምፅ ያለው ባለቤት ሌላ ሰፈር ይኖራል፤ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ተከራይ ደግሞ የማኅበሩ አባል አይደለም።

ርቀቱም አለ። እንደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ከመሀል ከተማ እጅግ የራቁ ናቸው። ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ ለሚገባ ሠራተኛ የቀረችው እሑድ ናት፤ እሷንም ቤተ ክርስቲያን፣ ልብስ አጠባ፣ ዕቁብና ለቅሶ ይሻሟታል።

ይሁንና በዚያችው እሑድ ዕድሩ ይሰበሰባል። ያው ነዋሪ ለማኅበሩ ጊዜ አጥቶ ለዕድሩ የሚያገኘው ለምንድን ነው? የዕድር ግዴታ ልኩ ይታወቃል፦ ወርኃዊ መዋጮ፣ ቀብር መገኘት፣ ለቀረ መቀጫ። ድንኳኑም አንድ ቀን በራስ ደጅ ይተከላል፤ ያልከፈለ ግን አይተከልለትም። ተከራይን በአባልነት የሚቀበሉ ዕድሮችም ብዙ ናቸው። የማኅበሩ ሥራ በአንጻሩ ማለቂያ የለውም። የጥበቃ ደመወዝ፣ የደረጃ መብራት፣ ጽዳቱ በየወሩ ይመጣል፤ መዋጮ እንቢ ያለውም በዚያው መብራት ደረጃውን ይወጣል። ሸክሙ በጥቂት ፈቃደኞች ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

መውጫ ያበጁ ብሎኮች አሉ፤ መዋጮውን በዕድር ቀን የሚሰበስቡ፣ ጽዳቱን በፎቅ ተራ የሚያዞሩ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ተከራዩ ከጎረቤት የሚላመድበት ጊዜ አግኝቷል፤ በማኅበሩ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጠው ግን አሁንም አከራዩ ነው።