የበገናው ንዝረት ከየት ይመጣል?

በዐቢይ ጾም ሬዲዮ የከፈተ ሰው በገና ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስፒከሩን ነው። ወፍራም፣ ዝግ ያለ ድምፅ ይመጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ቀፎ ውስጥ ያሉ ንቦች የሚያሰሙትን የመሰለ እዝዝታ ይከተላል። ስፒከሩ ግን ደህና ነው።

የበገናን አንጀት የሚበላ ዜማ ለማወቅ ግጥሙን መጠበቅ አያስፈልግም። ደርዳሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት አውታሩን ብቻ እየነካ የሚቆይባት ጊዜ ትበቃለች። እዚያ ላይ ነው ሰው ጭንቅላቱን ዘንበል የሚያደርገው።

ምስጢሩ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ናት። በገና ከላይ ቀንበር፣ ግራና ቀኝ ሁለት ምሰሶ፣ ከታች በከብት ቆዳ የተለበጠ ገበቴ አለው። በጥንቱ ወግ ከበግ አንጀት የሚፈተሉት አሥሩ አውታሮች ቆዳው ላይ በተቀመጠው ብርኩማ ያልፋሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል አንዳንድ እንዚራ ይገባል። ደርዳሪው ቆዳዋን ወዲህና ወዲያ እያለ ቦታ ያስይዛታል። ልኳን ስታገኝ፣ የተነካው አውታር እየተርገበገበ ብርኩማውን ደጋግሞ ይዳስሰዋል፤ ከዚህ ንክኪ በዋናው ድምፅ ላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። እንዚራዋ ብትወጣ የሚቀረው ደብዛዛ ድምፅ ነው። የህንዱ ታንፑራም በብርኩማው ላይ ቀጭን ክር አስገብቶ ይህንኑ እዝዝታ ያወጣል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በጣት ሲደረደር፣ ከአሥሩ አውታሮች ድምፅ የሚሰጡት አምስት ወይም ስድስት ብቻ ናቸው። የተቀሩት አውታሩን የነካው ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። ለማረፊያ ይህን ያህል ለምን አስፈለገ ለሚል፣ የሃይማኖቱ ሰዎች መልስ አላቸው፦ አሥሩ አውታር የአሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ነው።

ትውፊቱ በገናን ከንጉሥ ዳዊት ያደርሰዋል። ያም ሆኖ በቅዳሴ አይገባም፤ ቦታው ቤት፣ የጾም ወቅትና የግል ጸሎት ነው። በቀድሞው ዘመን የመኳንንት መሣሪያም ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል።

በውጭ አገር ስሙን ካስጠሩት መካከል እንጦጦ ተወልደው ያደጉት አለሙ አጋ ይገኙበታል። በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተማሩ፤ በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ግን ጂኦግራፊ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1972 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በገና ሲያስተምሩ ቆይተው ትምህርቱ በደርግ ጊዜ ተቋረጠ። ኢትዮፒክስ በተባለው የሲዲ ተከታታይ 11ኛው ጥራዝ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው። ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ መግቢያ አይገኝም፤ የሚደመጠው ግን በኢርፎን ቢሆን ይመረጣል፣ የስልክ ስፒከር ወፍራሞቹን አውታሮች ይውጣቸዋልና።

ደርዳሪ ፊት ለፊት የተቀመጠ አድማጭ ደግሞ ትዕግሥት ይኑረው። በመቃኛው አሥሩ አውታር ይወጠራል፣ ከዚያ እንዚራዎቹ በተራ ይስተካከላሉ፣ አንዷ ከተንሸራተተች እንደገና ይጀመራል።