ሊፍት የሌለው ኮረብታ

ልጅ ሳላችሁ የምታውቁትን ኮረብታ ካደጋችሁ በኋላ ተመልሳችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው «ያኔ ትልቅ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳየው ግን አነሰብኝ» ይላል። የእኔ ተቃራኒ ነው። ያኔ ሊፍት እየጎተተኝ የወጣሁትን አቀበት ባለፈው መስከረም ከአስራ አንድ ዓመት ልጄ ጋር በእግር ስወጣው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

ቦታው ሂደን ቫሊ ይባላል፤ የተደበቀ ሸለቆ ማለት ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ሮኪ ማውንቴን በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ከዴንቨር በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተ የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ነበር፤ በ1991 ተዘጋ። ቤተሰባችን በ1980ዎቹ አጋማሽ በሱዳን በኩል ዴንቨር ሲገባ ገና ይሠራ ነበር።

አባቴ ያኔ ሌሊት ሌሊት ሕንፃ ያጸዳ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ፣ ሳይተኛ፣ እኔንና ታላቅ ወንድሜን በአሮጌ መኪናው ጭኖ ወደ ተራራው ይነዳል። በየሳምንቱ እንዳይመስላችሁ፤ በጠቅላላው አራት ጊዜ ብንሄድ ነው። የሸርተቴ ጫማችን የውሰት ነበር፤ የወንድሜ ይጠበዋል፣ የእኔ ይሰፋኛል። የሊፍት ቲኬት የሚቆረጠው ለሁለታችን ብቻ ነው። አባባ መኪናው ውስጥ ይቀራል።

የሌሎች ልጆች አባቶች ደማቅ ጃኬት ለብሰው ከልጆቻቸው ጋር ይንሸራተታሉ። የእኛ አባት ጋቢውን ተከናንቦ መስኮቱን ተደግፎ ይተኛል። አንድ ቀን ማቆሚያው ላይ ከአንዲት የክፍሌ ልጅ ጋር ተገናኘን። ወደ መኪናችን እያየች «ያ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ። «አላውቀውም» አልኳት። አስር ዓመቴ ነበር። እንግዲህ ይህን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። በመስከረም ወር በመንገዱ ዳር አስፐን የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። እናቴ «የፈረንጅ አደይ» ትለዋለች። በዚሁ ወቅት ኤልክ የተባሉት ግዙፍ አጋዘኖች ወንዶቹ ሴቶቹን ይጠራሉ፤ ድምፃቸው ከሰውነታቸው ግዝፈት ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ፣ ፉጨት የመሰለ ነገር ነው። ልጄ ሲሰማው የሰው ፊሽካ መስሎት ዞር ዞር አለ።

የሸርተቴ ሜዳ ተዘግቶም ምልክቱ አይጠፋም። በጥዱ ጫካ መሀል ለመንሸራተቻ የተቆረጡት ሰፋፊ ጎዳናዎች ዛሬም፣ በሚዶ እንደተከፈለ ጸጉር፣ ከሩቅ ይለያሉ። ዛፎቹ እየተመለሱ ነው፤ ግን በዚህ ከፍታ ላይ ዛፍ ቶሎ አያድግም። ከሦስት አስርት ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ብዙዎቹ የልጄን ትከሻ አላለፉም። ሊፍቶቹ ተነቅለዋል፣ የድሮው ማረፊያ ቤት ፈርሷል። ታችኛው ለስላሳ ቁልቁለት ብቻ በበረዶ ወራት ለልጆች ተትቷል፤ በመላው ፓርኩ በፕላስቲክ መንሸራተቻ መጫወት የሚፈቀደው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ጎትቶ የሚያወጣ ግን የለም። የተንሸራተተ ሁሉ መንሸራተቻውን እየጎተተ በእግሩ ይመለሳል።

«ለምን ተዘጋ?» አለኝ ልጄ፣ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ስንቆም። አንዱ ምክንያት ነፋሱ ነው፤ የላይኛውን በረዶ ጠርጎ ይወስደዋል። ሌላው መንገድ ነው። በ1973 የአይዘንሃወር ዋሻ ሲከፈት የዴንቨር ሰው ከተራሮቹ ማዶ ወዳሉት ትልልቅ የሸርተቴ ከተሞች መሄድ ቀለለው፤ ትንሹን ኮረብታ ማን ያስታውሰው? በኮሎራዶ እንዲህ የተዘጉ የሸርተቴ ቦታዎች ከመቶ በላይ ናቸው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሊፍት መኖሩ ራሱ የሚያከራክር ጉዳይ ነበር። ልጄ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «ስለዚህ ማንም አልፈለገውም» ብሎ ደመደመው። ልጆች ማሳጠር ያውቁበታል።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፦ ሸለቆው ግርጌው ራሱ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አናቱ ወደ 3,400 ይጠጋል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ብዙ አያስፈራም፤ እንጦጦ የለመደ እግር ይችለዋል። ከዴንቨር፣ ከ1,600 ሜትር ለሚነሳ ግን ራስ ምታቱ ቀልድ አይደለም። በጠዋት ጀምሩ። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚመጣ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ ከቀትር በፊት መውረድ አለባችሁ። በበረዶ ወራት ደግሞ የላይኛው ክፍል የበረዶ ናዳ አለበት፤ ልጅ ይዞ የሚወጣበት አይደለም።

መሀል ላይ ልጄ የዛገ የሽቦ ገመድ ቁራጭ አገኘ። ኪሱ ሊከተው ሲል ከለከልኩት፤ ከፓርኩ ድንጋይም ቢሆን አንስቶ መሄድ ክልክል ነው። ገመዱን እንደያዘ ቁጭ ብለን ወደ ታች አየን። ማቆሚያው ከኮረብታው ግርጌ ጥግ ላይ ነው፤ መኪናችን የክብሪት ሳጥን አክላ ትታያለች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ማቆሚያውን ካየሁ፣ እዚያ ያለም ሰው እኔን ያያል።

እናንተም ልጆቻችሁን ወደ ልጅነታችሁ ቦታ፣ ወንዝም ይሁን ጋራ፣ ስትወስዱ፣ ያኔ ይዟችሁ የሄደው ሰው በሕይወት ካለ አስቀድማችሁ አነጋግሩት። እኔ ያደረግሁት በተገላቢጦሽ ነው። አባባ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ልቡን ስለሚያመው ሐኪሙ ተራራ መውጣት ከልክሎታል። ስለዚህ ፎቶ ይዘንለት ሄድን።

እሑድ ቡና ተፈልቶ ልጄ ስልኩን ሰጠው። አባባ አናቱን አለፈው፣ አጋዘኑን አለፈው፣ እኔንም አለፈኝ። «ማቆሚያውን አላነሳችሁትም?» አለ። ልጄ ከላይ ሆኖ አንስቶት ኖሯል። አባባ መነጽሩን አስተካክሎ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው።

«ይኸው። እዚህ ጥግ ላይ ነበር የማቆመው። ከዚህ ወንድምሽ ሲወድቅ ይታያል። አንቺ አትወድቂም ነበር፤ ቀስ እያልሽ ነበር የምትወርጂው።»

«ተኝተህ አልነበር እንዴ?»

«በዚያ ብርድ? ነዳጁ እንዳያልቅ ሞተሩን አጥፍቼ! እንቅልፍ ከየት ይመጣል?»

ስለዚያች የክፍሌ ልጅ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቶናውን ቀድታ አቀረበች፤ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። አልነገርኩትም።

ልንሄድ ስንል ልጄን ጠራው። «በረዶው ሲጥል ስትሄዱ እኔንም ውሰዱኝ» አለው። ሐኪሙ ያለውን አስታወስኩት።

«ሐኪሙ የከለከለኝ ተራራውን ነው» አለ አባባ፣ «ማቆሚያውን መች ከለከለኝ?»