የሐረር ነባር ቤት ሲሰፋ

በሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው ነባር ቤት ፊቱን ለመንገድ አይሰጥም። ከጠባቡ መተላለፊያ የሚታየው የግቢው ግድግዳና በሩ ብቻ ነው፤ ቤቶቹ ግቢውን ከበው ይቆማሉ። ሐረሪዎች ጌይ ጋር የሚሉት ይህ ቤት ትንሽ ነው። ጊዲር ጋር የሚባለው ዋናው ክፍል፣ ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ከጎኑ ሙሽሮች የጫጉላቸውን ጊዜ የሚያሳልፉባት ቂርጣት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። ቤተሰቡ ሲበዛና መታጠቢያ ቤት ሲያስፈልግ ግን ይህ አይበቃም።

ለማስፋት ሲታሰብ አስቀድሞ የሚወሰነው የማይነካው ነው። ለአዲስ በር ሲባል አንድ መደብ ቢፈርስ የክፍሉ ሥርዓት ሁሉ ይፈርሳል። ወጥ ቤትና መታጠቢያ እንፋሎትና ውኃ ስለሚያበዙ ከነባሩ ቤት ራቅ ብለው በግቢው ጥግ ቢሠሩ ይሻላል። ግቢው ራሱ ግን ሰርግ የሚደገስበት፣ ብርሃንና አየር የሚገባበት ስፍራ ስለሆነ አዲሱ ክፍል ዝቅ ያለና ቦታ የማይሻማ መሆን አለበት።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከሲሚንቶ ነው። የነባሩ ቤት ግድግዳ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ዝናብና የመሬት እርጥበት ይገባበታል፤ በኖራ ልስኑ በኩል ደግሞ ተንኖ ይወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫው ይዘጋል። ከጥቂት ክረምት በኋላ የግድግዳው ግርጌ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ልስኑ ያብጣል፣ በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ ያለው ጭቃ በዚያን ጊዜ ላልቷል። ስለዚህ ከነባሩ ግድግዳ ጋር የሚነካካው ሁሉ በጭቃና በኖራ ቢሠራ ይመረጣል። ኖራ የሚቃጠለው በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ሲሚንቶ ወደ 1,450 ይፈልጋል፤ የማገዶው ልዩነት ቀላል አይደለም።

መሠረቱም ጥንቃቄ ይሻል። ከነባሩ ግድግዳ ሥር ተጠግቶ በጥልቀት መቆፈር ግድግዳውን ያናጋል። አዲስ ቤት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሰምጣል። ሁለቱ ተጣብቀው ከታሰሩ አንዱ ሌላውን ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ በመካከላቸው በለስላሳ ነገር የተሞላ ክፍተት ይተዋል። ለጣሪያው ተከላ ባሕር ዛፍ መጠቀም የተፈጥሮ ጥድን ከመጨፍጨፍ ያድናል። ከፈረሱ ግድግዳዎች የተረፈው ድንጋይም አዲስ ከመፍለጥ ይቀድማል።

ለሐረር ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ እንደነበር ሲታሰብ፣ ጣሪያ ውኃ መያዝ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። በ20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ እስከ 200 ሊትር ይገኛል፤ አሸንዳና ሮቶ ይበቃሉ። የሮቶው ትርፍ ውኃ ግን ከነባሩ ግድግዳ ግርጌ መራቅ አለበት።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስን ለመጠገንና ለማደስ የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቀድሞ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተርም የግድ የሆነ ጭማሪ ከነባሩ ጋር ሳይጋጭ የዘመኑ ሥራ መሆኑ እንዲለይ ያዛል። አሮጌ መስሎ የሚሠራ ክፍል ነባሩን ያደበዝዛል። ለፈቃድ የሚቀርበው ንድፍም ነባሩንና አዲሱን ለይቶ ቢያሳይ፣ መርማሪው የሚፈርሰውንና የሚቀረውን ከወረቀቱ ላይ ያነብበዋል።