ያውቁ ኖሯል? አምባሰል በፒያኖ

ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን የሚጋሩት ከወሎ ቦታዎች ጋር ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን። አቀናባሪውና ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል» የተሰኘ ሥራ ለፒያኖ ብቻ ደርሷል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው «ላቭ ኤንድ ፒስ» አልበሙ ውስጥ ይገኛል። ግርማ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በቡልጋሪያ፣ ሶፊያ የተማረ ሲሆን የፖላንዳዊውን የሾፓንን ሥራዎችም በመድረክ ይጫወታል።

የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት። በፒያኖ ከዶ ሲነሱ ቀጣይዋ ድምፅ እዚያው ጎኗ ያለችው ጥቁር ቁልፍ ናት፤ ከእሷ በቀጥታ ወደ ፋ ይዘለላል። ያ አንጀት የሚበላው የአምባሰል ትካዜ የሚመጣው ከዚህች ጠባብ እርምጃና ከተከታዩ ሰፊ ዝላይ ይመስለኛል። ክራርና ማሲንቆ ሲሰማ ያደገ የወሎ ሰው ቅኝቱን በፒያኖም ቢሆን ወዲያው ይለየዋል።