«ማቋረጫ» ወይስ «ማሳረፊያ»?

በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ በተመረቀባት በኮምቦልቻና በመሰል የፋብሪካ ከተሞች ለሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የአንድ ስያሜ መሳሳት መስመር ያበላሻል። አር ኤስ 485 በተባለው ደንብ መሠረት የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች በአንድ ጥንድ ግምድ ሽቦ ላይ በተርታ ይያያዛሉ፤ መስመሩም በዝግተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ሊረዝም ይችላል። በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ይገባል። ይህ ሬዚስተር በእንግሊዝኛ «ተርሚኔሽን» ስለሚባል «ማቋረጫ» ብሎ መተርጐም ይቀናል፤ ዳሩ ግን የሚቋረጥ ነገር የለም። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ለተጣራ የደሴ ሰው የገደል ማሚቶ የገዛ ድምፁን እንደሚመልስለት ሁሉ፣ ክፍት ጫፍ ላይ የደረሰ ምልክትም ተመልሶ ተከታዩን ያውካል። ሬዚስተሩ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ያሳርፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ስለዚህ «ማሳረፊያ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።

«መዝጊያ» የሚለውንም መርምረን ነበር፤ የበር መዝጊያን ስለሚያስታውስ ትተነዋል። «ግምድ» ግን የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ገመድ የሚገምድ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። «ማቋረጫ»ን በእርግጥ ኃይል ለሚያቋርጠው መሣሪያ አቆይተነዋል።