የስኳር ሕመምተኛ በኮቪድ ሲያዝ የደረት ራጅ የሚያሳየውና የማያሳየው

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በኮቪድ 19 ተይዞ የደረት ራጅ ሲነሣ፣ በፊልሙ ላይ የሚታየው ጉዳት በዓይነቱ ከሌላው ሕመምተኛ እምብዛም አይለይም። የሚለየው ብዙውን ጊዜ በስፋቱ ነው።

ጤናማ ሳንባ በአየር የተሞላ ስለሆነ ጨረሩ በቀላሉ ያልፍበታል፤ በፊልሙም ላይ ጠቁሮ ይታያል። አጥንት ጨረሩን ስለሚያግድ ይነጣል። ሐኪሞች “ጥላ” የሚሉት እንግዲህ ጥቁሩን ሳይሆን ነጩን ነው፤ ይህ ብዙ ቤተሰብን ያደናግራል። ቫይረሱ የአየር ከረጢቶቹን ሲያስቆጣና ፈሳሽ ሲሞላባቸው፣ ጥቁሩ ቦታ በመጀመሪያ ስስ ጉም የለበሰ ይመስላል፤ ሲብስ የደም ሥሮችን የሚሰውር ድፍን ነጭ ይሆናል። ኮቪድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ሳንባዎች ይይዛል፤ በተለይም ጠርዛቸውንና የታችኛውን ክፍላቸውን ያጠቃል።

የጉዳቱን ስፋት በቁጥር ለመግለጽ፣ ወረርሽኙ ክፉኛ በመታት በሰሜን ኢጣሊያዋ ብሬሻ ከተማ የሚሠሩ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ዘዴ አወጡ። ሳንባዎቹ በ6 ክፍል ይከፈላሉ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ከፍተኛው ድምር 18 ነው። ነጥቡ ከፍ ባለ መጠን የሕመምተኛው አደጋም ይጨምራል።

በስኳር ሕመምተኞች ላይ ጉዳቱ የሚሰፋበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። በደም ውስጥ የተከማቸ ስኳር የነጭ ደም ሕዋሳትን የመከላከል አቅም ያዳክማል። ኢንፌክሽኑ በበኩሉ ስኳሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ሕይወት አድን የሆነው ዴክሳሜታሶንም እንዲሁ ስኳር ይጨምራል። በእንግሊዝ፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት በሆስፒታል በኮቪድ ከሞቱት ሰዎች ሢሶ ያህሉ የስኳር ሕመም ነበረባቸው።

ይሁንና ንጹሕ ፊልም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። በ2020 በሆንግ ኮንግ በ64 የኮቪድ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ የመጀመሪያው ራጅ ለውጥ ያሳየው በ69 በመቶዎቹ ላይ ብቻ ነበር። ጉዳቱ ጎልቶ የታየው ምልክቱ ከጀመረ ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ሌላ የሚያሰጋ ነገር አለ። ትንፋሹ ፈጣንና ጥልቅ ሆኖ ሳለ ራጁ ንጹሕ ከሆነ፣ ችግሩ ከሳንባው ላይሆን ይችላል። ኢንሱሊን ያነሰው አካል ስብ ሲያቃጥል ኬቶን የተባለ አሲድ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነትም አሲዱን ለመቀነስ አብዝቶ ይተነፍሳል። ይህን የሚለየው ራጅ ሳይሆን የደም ወይም የሽንት ምርመራ ነው፤ ሕክምናውም ለነገ የሚባል አይደለም።

በተቃራኒው፣ ነጭ ሆኖ የታየ ሁሉ ኮቪድ አይደለም። በስኳር ሕመምተኞች ዘንድ የሚዘወተረው የልብ ድካም ሳንባ ውስጥ ውኃ ያቁራል፤ ይህም ቫይረሱን ሊመስል ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ግን ቲቢ ነው። የስኳር ሕመም ቲቢ የመያዝን ዕድል ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያሳድጋል። ቲቢ እንደ ልማዱ የሳንባን የላይኛውን ክፍል የሚይዝ ቢሆንም፣ በስኳር ሕመምተኞች ላይ ወደ ታችኛው ክፍል ሲወርድ ይታያል፤ ያኔ የቫይረስ ወይም የተራ የሳንባ ምች ይመስላል።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ይበዛባቸዋል ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የቲቢ ጀርም በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ መቆየት ስለሚችል፣ ከአገር ከወጣ ብዙ ጊዜ የሆነው ሰውም ቢሆን ነገሩ ይመለከተዋል። ቲቢ እምብዛም በማይታይበት አገር የሚሠራ ሐኪም ደግሞ ካልተነገረው ላይጠረጥር ይችላል። ስለዚህ የትውልድ አገርን፣ ቀድሞ የታከሙትን ቲቢ ወይም አብሮ የኖረን የቲቢ ሕመምተኛ መንገር፣ የስኳር መጠንን ከመንገር እኩል ዋጋ አለው። ከኮቪድ የሳንባ ምች በኋላ ጥላው እስኪጠፋ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ የብሪታንያ ሐኪሞች ክትትል የሚደረግበትን ራጅ በ12 ሳምንት ገደማ ያዛሉ። ሳሉ፣ የሌሊት ላቡና ክሳቱ ከቀጠሉ ግን ያን ቀን መጠበቅ አያሻም፤ የአክታ ምርመራ ወዲያው መደረግ አለበት።