ሥር የሰደደ የእግር ቁስልና የንክኪ አለርጂ

ሥር የሰደደ የእግር ቁስል የሚባለው እንክብካቤ እየተደረገለት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሽር የሚቆይ ቁስል ነው። የደም መልስ ሥር ችግር፣ የስኳር ሕመም፣ የሥጋ ደዌና የእግር እብጠት በአገራችን ለዚህ ዓይነት ቁስል ከሚያጋልጡ ሕመሞች መካከል ይጠቀሳሉ። ታካሚዎቹን ከሚገጥሟቸው ችግሮች አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ሳይታወቅ የሚያልፈው፣ የንክኪ አለርጂ ነው፤ ይኸውም ለቁስሉ የሚቀባው መድኃኒት ወይም የሚታሰርበት ፋሻ ራሱ ቆዳን ሲያስቆጣ ማለት ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች፣ የአለርጂ ምርመራ ከተደረገላቸው እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ ለአንድ ንጥረ ነገር አለርጂ እንዳለባቸው ታይቷል። ጤናማ ቆዳ ባዕድ ነገርን የሚከላከል አጥር ሲሆን በቁስሉ ዙሪያ ግን ይህ አጥር ይሳሳል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ በፋሻ ተሸፍኖ ለቀናት ከቆዳው ጋር ይቆያል፤ ቁስሉ አልድን ባለ ቁጥርም አዲስ ቅባት ይጨመራል።

አለርጂ ከሚያስነሱት መካከል ኒዮማይሲንና ጄንታማይሲንን የመሳሰሉ በቅባት መልክ የሚሰጡ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ ላኖሊን የተባለው የበግ ሱፍ ቅባት፣ የፔሩ በለሳን፣ ሽቶዎች እንዲሁም ክሬም እንዳይበላሽ የሚጨመሩ ማቆያዎች ይገኙበታል። የአንዳንድ ፕላስተሮች ማጣበቂያ ከዛፍ ሙጫ ይዘጋጃል፤ በሚለጠጥ ፋሻና በጎማ ጓንት ውስጥም አለርጂ የሚያስነሱ ኬሚካሎች ሊኖሩ ይችላሉ። በቤት ውስጥ የሚደረግ ሕክምናም ከዚህ ነፃ አይደለም። ንቦች ቀፏቸውን የሚለስኑበትና ባልተጣራ ማር ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ሙጫ የታወቀ አለርጂ አስነሺ ነው። ማሳከክን ለማስታገስ የሚታዘዘው የስቴሮይድ ቅባት ሳይቀር አልፎ አልፎ አለርጂ ያስከትላል።

ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ከንክኪው ከ1 እስከ 3 ቀን በኋላ ይጀምራል። በመሆኑም ታካሚው ለወራት ሲጠቀምበት የቆየውን ቅባት አይጠረጥርም። ዋናው ምልክት በቁስሉ ዙሪያ ብርቱ ማሳከክ ሲሆን ቆዳው ይረጥባል፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ያወጣል ወይም ይላላጣል፤ የተቆጣው ቦታም አብዛኛውን ጊዜ የፋሻውን ወይም የፕላስተሩን ቅርጽ ይከተላል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ፣ ይልቁንም ቦታው ሊጠቁር ይችላል። ሕመሙ የሚጨምር፣ መግልና መጥፎ ሽታ ያለው፣ ትኩሳት ያስከተለ ከሆነ ግን ቁስሉ ተመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ መታከም ያስፈልጋል። ሁለቱ አብረው ሊከሰቱም ይችላሉ። አለርጂው እንደ ምርቀዛ ተቆጥሮ ያው ፀረ ባክቴሪያ ቅባት ሲደጋገም ቁስሉ ይሰፋል።

ስለዚህ ታካሚው ሌላ ቅባት ከመጨመሩ በፊት በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ የሚጠቀምባቸውንም ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱን ጨምሮ፣ ከነማሸጊያቸው ይዞ መቅረብ ይገባዋል። ባለሙያው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ቆዳ ሕክምና ይልከዋል። በምርመራው የተጠረጠሩት ንጥረ ነገሮች በትንሽ በትንሹ ጀርባ ላይ ተለጥፈው 48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ከተነሱ በኋላም ውጤቱ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ እንደገና ይነበባል። በእነዚህ ቀናት ጀርባን ማርጠብ ስለማይፈቀድና ምልልስ ስላለው፣ ከሩቅ የሚመጣ ታካሚ ማረፊያውን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

እስከዚያው ሽቶም ሆነ ሌላ ተጨማሪ የሌለበት ነጭ ቫዝሊን በዙሪያው ላለው ቆዳ በአንጻራዊነት አስተማማኝ ነው። የደም መልስ ሥር ችግር ያለበት ታካሚ የታዘዘለትን አጥብቆ የሚይዝ ፋሻ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ ከሥሩ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ማድረግ ወይም ፋሻውን በሌላ ዓይነት መለወጥ ይቻል እንደሆነ ባለሙያውን ይጠይቅ።

አንዴ የተፈጠረ የንክኪ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል፣ ከቁስሉ መዳን በኋላም አይጠፋም። በኒዮማይሲን ቅባት የተቆጣ ሰው ጄንታማይሲን በመርፌ ሲሰጠውም ቆዳው እንደገና ሊቆጣ ይችላል። የተረጋገጠውን ንጥረ ነገር ስም በሕክምና ካርድ ላይ ማስመዝገብ፣ በወረቀት ይዞም መድኃኒት በሚገዙበት ጊዜ ለፋርማሲ ባለሙያው ማሳየት ያስፈልጋል።